የውሃ ጫማ

አባቴ ጫማ ሳያውቅ ጣናን በጫማ ለካ።
ደንገል አጫጅ ነበረ፤ ኑሮው ዓሣና ታንኳ።
በሃምሳ አንድ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ውሃው ገና ሳይጠራ፣
አሜሪካኖቹ መጡ፣ ካርታና ገመድ ይዘው፣ ከሄሊኮፕተር ጋራ።
ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ፣ ከአፉ፣ ከቋጥኙ አጣብቀው
ብረት ተከሉ፤ ነጭና ጥቁር፣ ቁጥር በቁጥር አድርገው።

ከመካከላቸው አንዱ፣ ሚስተር ዴል፣ ፊቱ ጠቃጠቆ፣ ልጅ እግር፣
ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አስተማረው፣ አሸዋው ላይ በሸምበቆ ሲጭር።
«በጧት አንዴ፣ በማታ አንዴ፣ ውሃው የነካውን ጻፍ።
አትጨምር። አትቀንስ። ዶፍ ቢወርድ እንኳ አትለፍ።»
ደሞዙ ዐሥራ አምስት ብር። ደብተሩ አረንጓዴ።
ከዚያ ወዲህ አባቴ ሐይቁን አየው በጧት አንዴ፣ በማታ አንዴ።

ሰፈር ሳቀ፦ «ይማም ዘበኛው፣ ጣናን ማን ሊሰርቅብህ?»
እርሳሱን በምራቁ አርሶ፦ «ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። አንተን ምን ገደደህ?»

ለምን እንደመጡ የሰማሁት ኋላ ነው፣ ፖሊቴክኒክ ስገባ፦
ግብፅ ለግድቧ ሩሲያን ጠርታ፣ አሜሪካ በራስጌው በኩል ልትገባ።
ፖሊቴክኒኩም የሩሲያ ስጦታ ነው። እኔ በሩሲያ ወንበር፣
እሱ በአሜሪካ ብረት፤ ማታ ግን አንድ ኩራዝ ሥር ነበር
የምንደምረው፤ እኔ በሜትር፣ እሱ በጫማ፤
ሁለቱ ኃያላን እኛ ቤት አድረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ።

ሚስተር ዴል ሲሄድ የእጅ ሰዓቱን ለአባቴ ተወለት፤
ከዓመታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ከቬትናም፤ እኔ ነኝ ያነበብኩለት፦
«ይማም፣ እዚህም ወንዝ አለ። ሜኮንግ ይሉታል። ልለካው ነበር የላኩኝ፤
ብረቴን የተከልኩ ዕለት ወታደር ቆመ በጎኔ፤ ከዚያ ወዲያ ‹የጦር ካርታ ሥራ› አሉኝ።
ከላይ፣ ከአውሮፕላን ሲያዩት አገሩ ያምራል፤
እኔ ባሰመርኩት መስመር ላይ አሁን እሳት ይዘንማል።
አንተ ውሃውን ጻፍ። አትቀንስ።»
                            ሁለተኛ አልመጣም።
አባቴ በየማታው ከቁጥሩ ጎን አንዲት ነጥብ ማኖር ጀመረ።
«ምንድን ናት?» ስለው፣ «ለልጁ» አለ። ሌላ አልተናገረ።

በስድሳ ዘጠኝ፣ ሚያዝያ፣ አሜሪካኖች ውጡ ተባሉ።
በሳምንቱ ጓዶች ቤታችን መጡ፤ ደብተር አገላበጡ፤ «ይህ የምስጢር ጽሑፍ ነው» አሉ።
«አሥራ አንድ ነጥብ አራት! የምን ቁጥር ነው? የታንክ? ነጥቧስ ማን ናት?»
አባቴ «ውሃ ነው» አለ።
በዚያው ሌሊት ወሰዱት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን። ብረቱ ጋ ዘብ ቆሟል፤ መቅረብ አልቻልኩም።
የድሮዎቹን ደብተሮች ጭነው ሄደዋል፤ የወሩን ረስተውታል። አልደበቅኩም።
በወር መጨረሻ አዲስ አበባ ይላካል፣ ለውሃ መሥሪያ ቤት፤
«አትለፍ» የሚል ቃል አለ። እኔም ኩራዝ ለኩሼ፣ ተቀምጬ ከመደቡ ፊት፣
ሐይቁን ሳላይ ጻፍኩት፤ አንዱን ቀን ከትናንቱ፣ አንዱን ከሰማይ፣
አንዱን ከሆዴ።

አባቴ ሲፈታ ሁለት ጥርሱ ጎድሎ ነበር።
ደብተሩን ገለጠ። የእኔን ሰባት ከሱ ሰባት ለየ። ብዙ ቆየ።
«ዘይነባ» አለ፣ «ግንቦት ላይ ሐይቅ አይሞላም።»
አልሰረዘውም።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ብረቱ ዝጎ ተነቅሏል።
በሬዲዮ ስሰማ፣ ስለ ዓባይ ዋሽንግተን ላይ ስብሰባ ተቀምጧል፤
ከረባት፣ የታሸገ ውሃ፣ የስንት ዓመት መረጃ።
በዚያ ሁሉ ቁጥር መሐል፣ ከታች፣ ከአንድ ዓምድ ሥር፣
አንዲት ልጅ አባቷ ታስሮ ያሳደገችው ሐይቅ አለ፤
ግንቦት ላይ የሞላ።
ቢጠይቁኝ አልክድም። ማን ይጠይቃል?

ዛሬ ጧት ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት።
እስከ ቁርጭምጭሚት።